የአርባ ዓመት ምራቅ

ጋሽ ገዳሙን የእናታቸውን ድምፅ እንዳይሰሙ የከለከላቸው ምራቅ ነበር። የአንድ ሰው ምራቅ አይደለም። የበቅሎ ነጋዴዎች፣ የወታደሮች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎችና ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ምራቅ፣ በአንድ ጥቁር የዘፈን ሸክላ ላይ ደርቆ፣ የኩራዝ ጥላሸትና አቧራ እየጠጣ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ እንደ ቁስል ቅርፊት ተጋግሯል። ሸክላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው መርፌ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቦዮች አይታዩም ነበር። የሚታየው ቡናማ ቅርፊት፣ በቅርፊቱ ውስጥ የተቀበረ የዝንብ ክንፍና አንድ የሰው ፀጉር ነው።

በዚያ ዓመት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር። የምኖረው ጋሽ ገዳሙ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። እሳቸው ጡረታ የወጡ ሳኒቴሪያን ናቸው። ጎንደር ተምረው ከወጡ ጀምሮ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቄራ፣ ሥጋ ቤት፣ ሆቴልና ሽንት ቤት ሲመረምሩ ኖረዋል። የከተማው ሰው «ሽንት ቤት አሽታቹ» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ይሰሙ ነበር፤ ግን ቅር አይላቸውም። «እኔ ባላሸት እነሱ ይበሉት ነበር» ይላሉ።

መጸየፍ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን ጠባያቸው ሆኖ ቀርቶ ነበር። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ የራሳቸውን ኩባያ በመሐረብ ጠቅልለው ይይዛሉ። በር የሚከፍቱት በክርናቸው ነው። ሰው ከጨበጡ ቀኝ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው፣ ቧንቧ እስኪያገኙ ድረስ የጋለ ድስት እንደያዘ ሰው ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ከንፈራቸው የደጁን እንጨት አይነካም፤ አንድ ጣት ያህል ርቀው አየሩን ይስማሉ። አንድ እሑድ ይህን አይቼ ደነገጥኩ። እግዚአብሔር ያን አንድ ጣት ክፍተት ያየው ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ሄደው ጆሯቸውን ተመረመሩ። በጆሯቸው ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች እየተጣበቁ ነው ተባሉ። ግራው አብቅቶለታል፤ ቀኙም ቢቆይ አንድ ዓመት ነው። ተመልሰው እንደመጡ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቆመው እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ ሳሙናውን ሳያስቀምጡ ስለ እናታቸው ነገሩኝ።

እናታቸው አሰገደች በአምበር ከተማ ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ ዘፋኝም ነበሩ።

«እናቴ ስትዘፍን ይሸልሟት ነበር» አሉ ጋሽ ገዳሙ። «ዘፋኝ ሲሸለም አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ሂዊ?»

«ሠርግ ላይ አይቻለሁ። ብሩን ግንባር ላይ ይለጥፉታል።»

«በምን ነው የሚጣበቀው?»

አስቤው አላውቅም ነበር።

«በምላሳቸው ነው። ይልሱትና ግንባሯ ላይ ይመርጉታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ከግንባሯ ላይ እየላጥኩ ምድጃ ዳር የማሰጣው እኔ ነበርኩ። የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። አሁንም ጣቴ ይሸተኛል።» ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ወዲያው አራቁት።

በሠርግ ላይ እልል ብዬ ያጨበጨብኩለት ነገር ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ብር የተለጠፈበት ግንባር ስመለከት የሚታየኝ ከብሩ ጠርዝ ወደ ቅንድብ የሚወርደው እርጥበት ብቻ ነው።

በ1964 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት አሰገደችን ወስዶ አንድ ሸክላ አስቀረጻቸው። ብዙም ሳይቆይ ጉሮሯቸው ታመመና መዝፈን አቆሙ። በጠጅ ቤቱ በእሳቸው ፈንታ ሸክላው ይዘፍን ጀመር። ጠጪዎቹ ግን ልማዳቸውን አልተዉም። ዘፈኑ አልቆ ሸክላው ሲቆም ተነሥተው ብሩን ይልሱና ሸክላው ላይ ይለጥፉት ነበር። ሸክላው የዘፋኟ ግንባር ሆነ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ ገዳሙ ወጣት ተቆጣጣሪ ሆነው አምበርን እንዲመረምሩ ተላኩ። አምስት ጠጅ ቤት ነበር። በአምስቱም ብርሌዎቹ የሚታጠቡት በአንድ ገንዳ ነው፤ ጠዋት የተቀዳ ውሃ እስከ ማታ አይደፋም፤ ሃምሳ ሰው አፉ ውስጥ ያስገባው ብርሌ በዚያው ይነከራል። አራቱን አሸጉ። አምስተኛው የእናታቸው ነበር።

«እሱን ባልፈው ኖሮ አራቱን በምን ሕሊና አሽጌ እሄድ ነበር?» አሉኝ። «ገመዱን ራሴ አሰርኩ፤ ሰሙን ራሴ አቀለጥኩ። እናቴ ቆማ ታየኛለች። ስጨርስ ያለችኝ ‹ጨረስክ? በል እጅህን ታጠብ› ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። አሰገደች በ1971 ሲሞቱ ጋሽ ገዳሙ ሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው ነበርና የደረሱት ለሰልስቱ ነው።

«ፊቷን አስታውሳለሁ» አሉ። «ድምፅዋን ግን ረስቼዋለሁ። ይኼ ጆሮ ሳይዘጋ አንዴ ልስማት።»

ሸክላው ያለው አምበር፣ ታላቅ እኅታቸው እትዬ ሥራነሽ ዘንድ ነው። በዚያው ሳምንት በሚኒባስ ሄድን። እትዬ ሥራነሽ እሽጉ ከተነሣ በኋላ የእናታቸውን ጠጅ ቤት ይዘው የቀሩ፣ ድምፃቸው የወፈረ፣ እጃቸው ሁልጊዜ ማር ማር የሚሸት ሴት ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«መጣህ፣ የመንግሥት አፍንጫ?»

«እታለም፣ እንደምን ከረምሽ።»

እኅታቸው አንገታቸውን ይዘው ግራ ቀኝ ደጋግመው ሳሟቸው። ጋሽ ገዳሙ ትንፋሻቸውን ቋጥረው ቆሙ፤ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ አየሁት።

እትዬ ሥራነሽ ከአልጋ ሥር ሻንጣ የሚመስል የእንጨት ሸክላ ማጫወቻና ሁለት ሸክላዎች አወጡ። አንደኛው ያ በቅርፊት የተሸፈነው የእናታቸው ነው። ጋሽ ገዳሙ አይተውት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁለተኛው የሌላ ሰው ዘፈን ነው፤ ብዙም አልቆሸሸም።

«የእማዬን አልሰጥህም» አሉ እትዬ ሥራነሽ። «ጠጅ ቤቷን አሽገህባታል። መጀመሪያ በዚህኛው እጅህን አሳየኝ።»

እዚህ ላይ ጋሽ ገዳሙ ያደረጉትን ከሳኒቴሪያን በቀር የሚያደርገው ሰው ያለ አይመስለኝም። ውሃ አፈሉ። ለብ ያለ ውሃ ጀርም አይገድልም ብለው እስኪንፈቀፈቅ ጠበቁ። ሸክላውን ሰፌድ በሚያህል የብረት ሳህን ላይ አጋደሙ፤ በረኪና ጨመሩበት፤ የፈላውን ውሃ አፈሰሱበት። ሸክላው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ጠርዙ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ እሳት ዳር እንደተጣለ የኮባ ቅጠል ተጠቀለለ። ሙዚቃ ሲጨማደድ አይቼ አላውቅም ነበር። የበረኪናው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«ጀርሙ ሞቷል» አሉ እትዬ ሥራነሽ። «ዘፈኑም አብሮ ሞቷል።»

«እታለም፣ ይኼ ነገር የሸክላው ጥራት...»

«ጠጅ ቤት አሸግክ፤ ሸክላ ቀቀልክ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ድስት አምጣልኝና ልግባበት።» የእናታቸውን ሸክላ በነጠላቸው ጠቅልለው መልሰው ከአልጋው ሥር አስገቡ። «ፈረንጅ ለዚህም ማሽን ሳይሠራ አይቀርም። እሱን ይዘህ ስትመጣ እንነጋገራለን።»

ፈረንጅ እውነትም ሠርቶለታል። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስፈልግ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዓለም ላይ ሸክላ ማጠብን ብቻ አስበው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው መጨረሻ የለውም። የሦስት ማሽኖች ሥዕልና መግለጫ አሳትሜ መጣሁ። የጋሽ ገዳሙ ልጅ ማርያማዊት የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ በወር አንዴ አውሮፓ ትሄዳለች። አንዱን መርጠው ከነገሯት በሻንጣዋ ልታመጣላቸው ቃል ገብታለች። የቀረው መምረጥ ነበር።

የመጀመሪያው ማሽን መብራት አይፈልግም። ጠባብ የፕላስቲክ ገንዳ ነው፤ ውስጡ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ብሩሾች አሉት። ሸክላው በመሃላቸው ይቆምና በእጅ ይሽከረከራል። ሁለተኛው ራሱ ሸክላ ማጫወቻ ይመስላል፤ ሸክላውን በፈሳሽ ካራሰ በኋላ ከንፈሩ ቬሉት ጨርቅ የለበሰ ክንድ ፈሳሹን ከነቆሻሻው ይመጥጠዋል። ሦስተኛው የብረት ሣጥን ነው፤ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውሃውን እያንቀጠቀጠ ቆሻሻውን ከቦዩ ያራግፋል።

ጋሽ ገዳሙ ሦስተኛውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ስላልሰሙ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ሰምቼሻለሁ» አሉ። «ሰው የማይሰማው ድምፅ ያጥባል ነው የሚለው። ደግመሽ አንብቢው።»

ከዚያ ከቁም ሣጥናቸው የድሮ የቁጥጥር ቅጽ አወጡ፤ መሃሉ ካርቦን አስገብተው በሁለት ቅጂ ለእያንዳንዱ ማሽን የምርመራ ሪፖርት ጻፉ። ቅጂዎቹ አሁንም እኔ ጋ አሉ።

ስለ መጀመሪያው፦ «ገንዳው የጋራ ነው። አንዱ በታጠበበት ውሃ ሌላው ይገባል። ከአምበር ጠጅ ቤት ገንዳ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። አይፈቀድም።»

ስለ ሁለተኛው፦ «ከንፈር አለው። ከንፈሩ የአንዱን እድፍ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። የመጠጠው ቆሻሻ በሆዱ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ አልተገለጸም። አይፈቀድም።»

ስለ ሦስተኛው፦ «ውሃው ይጣራል ተብሏል። ማጣሪያው በዓይን አልታየም። ክብደቱ ከሻንጣ በላይ ነው። መብራት ቢጠፋ ቆሻሻው ሸክላው ላይ ተመልሶ ይተኛል። ተጨማሪ ማስረጃ እስኪቀርብ ታግዷል።»

ማርያማዊት ደወለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ቀኝ ጆሯቸው ላይ አስጠጋነው።

«አባዬ፣ ወሰንክ?»

«ሁለተኛው ላይ ጥያቄ አለኝ። ከንፈሩ ይቀቀላል?»

«ምኑ?»

«ከንፈሩ። ወልቆ መቀቀል ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።»

«አባዬ፣ ከንፈር ይቀቀላል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሐኪም ነው የሚጠሩልኝ።»

«እንግዲያው ስለ ሦስተኛው ማጣሪያ ጠይቂ። ስንት ሸክላ ካጠበ በኋላ ነው የሚቀየረው?»

ጠየቀች። መልስ መጣ። መልሱ ሌላ ጥያቄ ወለደ። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ አለፈ። ሰዎች ስለየማሽኑ የጻፉትን እያሳተምኩ አመጣለሁ፤ ጋሽ ገዳሙ ከዳር እስከ ዳር ያሰምሩበታል። አንድ ቦታ አንድ ሰው ሸክላውን በምራቁና በሸሚዙ ጫፍ እንደሚያጸዳ ጽፎ አገኙ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወስደው አቃጠሉት።

ከጥር በኋላ እኔም አስጠላኝ። ማሽኖቹም፣ ቅጾቹም፣ ስለ እድፍ ማሰብም አስጠሉኝ። ከሁሉ በላይ ያስጠላኝ አንድ ሰው እናቱን ለመስማት የቀረችውን ጊዜ ስለ ማጣሪያ በመከራከር ሲያባክን ማየቱ ነበር። ግን አልተናገርኩም። በየሳምንቱ ድምፄን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረግሁ፣ የታተመውን እያነበብኩ ቀጠልኩ።

ሚያዝያ ላይ ጋሽ ገዳሙ ከጤፍ ተራ ሲመለሱ ከኋላቸው ባጃጅ መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው ሁሉም ሰው ዞሮ አየ፤ እሳቸው ብቻ አልሰሙም። ትከሻቸውን ገጭቶ ጭቃ ውስጥ ጣላቸው። አጥንታቸው አልተሰበረም። መንገደኞች ግን ብብታቸውን ይዘው አነሡአቸው፤ ፊታቸውን ከየኪሳቸው ባወጡት ጨርቅ ጠረጉላቸው፤ አንዲት ሴት በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘችውን ውሃ አፋቸው ላይ ደገነች። ቤት ሲደርሱ ከጭቃው ይልቅ የዚያ ሁሉ ሰው እጅ ገላቸው ላይ ያለ ይመስል ሁለት ጊዜ ገላቸውን ታጠቡ። ከዚያ ቅጾቹን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ሂዊ፣ የምናጥበው ስንት ሸክላ ነው?»

ጣቴን አነሣሁ። አንድ።

«አንድ ሸክላ ከማን ጋር ነው ውሃ የሚጋራው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቅጾቹን አገላበጡ።

«ለሕዝብ ነበር የምመረምረው» አሉ። «ስድስት ወር ሙሉ፣ ማሽኑን ለሕዝብ ነበር የምመረምረው። ሃምሳ ሸክላ የሚታጠብበት ቤት እንደሚከፈት ሁሉ። ለአንድ ሰው መመርመር አልተማርኩም።» የመጀመሪያውን ቅጽ አንሥተው «አይፈቀድም» የሚለውን ሰረዙት። ርካሹና ቀላሉ፣ መብራት የማይፈልገው የፕላስቲክ ገንዳ ከመጀመሪያው ሊበቃቸው ይችል ነበር። ጥቅምት ላይ ቢያዙት ኖሮ ለገና በደረሰ ነበር።

ማሽኑ የመጣው በሰኔ ነው። ያን ጊዜ ለጋሽ ገዳሙ የምነግራቸውን በደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

አምበር ስንደርስ ዝናብ ነበር። እትዬ ሥራነሽ ገንዳውን ገለባበጡት።

«ስምንት ወር የፈጀው ይኼ ነው? የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው እኮ።» ወንድማቸው አለመስማታቸውን አስታውሰው ወደ እኔ ዞሩ። ነጠላውን ፈትተው ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ጋሽ ገዳሙ ሁለት ጓንት ደርበው አጠለቁ። አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ ሞሉ፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ አደረጉ፣ ሸክላውን በብሩሾቹ መሃል አቁመው ማዞር ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቅርፊቱ መላቀቅ ጀመረ። የደረቀ ምራቅ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ምራቅ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ከብሩሾቹ መሃል ቡናማ ልጋግ እየተጎተተ ወጣ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የበሰበሰ ጥርስ፣ የትንባሆ፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የኮመጠጠ ጠጅ ሽታ። የሞቱ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ክፍሉ ውስጥ የተነፈሱ ያህል ነበር። አፍንጫዬን በሻርፔ ያዝኩ። ጋሽ ገዳሙ ሸክላውን እንዳቆሙት ጓሮ ወጥተው አስመለሱ። እትዬ ሥራነሽ ብቻ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ሽታውን ወደ ውስጥ ሳቡት።

«ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው» አሉ።

ጋሽ ገዳሙ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ተመለሱ። ጓንት ቀየሩ፤ ውሃውን ደፉ፤ አዲስ ሞሉ። አራት ጊዜ እንዲሁ አደረጉ። በአራተኛው ውሃው ጠርቶ ቀረ። ሸክላውን ሲያወጡት በመስኮቱ ብርሃን ቦዮቹ ብልጭ አሉ፤ እንደ አዲስ የታረሰ ጥቁር መሬት። አንዲት ጭረት አልነበረችበትም። ለካ ቅርፊቱ ሸፍኖ ጠብቆታል። ይህንም ማሰቡ ራሱ ቀፈፈኝ።

ከደረቀ በኋላ እትዬ ሥራነሽ ማጫወቻው ላይ አስቀመጡትና መርፌውን አሳረፉ። መጀመሪያ መሰንቆ ተሰማ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ። ከጠበቅሁት የወፈረ፣ ትንሽ የሻከረ፣ የቸኮለ ድምፅ ነው። ግጥሙ ተራ ነበር፤ ስለ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ቁመና ያወራል። እትዬ ሥራነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ገዳሙ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አልተለወጠም። ዘፈኑ ወደ መሃሉ ደርሷል።

«ጀመረ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ደብተሩን አውጥቼ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። ጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳ አይሰማንም ነበር። ጋሽ ገዳሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጉም ጉም የሚል ነገር አለ» አሉ። «ሰው አይመስልም።»

እትዬ ሥራነሽ መርፌውን አነሡት። ያን ጊዜ ወንድማቸውን አልተሳደቡም። «የሰማሽውን መሰንቆ የሚጫወትላት ድረስ የሚባል አዝማሪ ነው» አሉኝ። «በኋላ ደነቆረ፤ ግን አልተወም። ሲቃኝ የመሰንቆውን አንገት በጥርሱ ነክሶ ይይዝ ነበር። በአጥንቴ ይሰማኛል ይል ነበር።» መርፌውን መልሰው አሳረፉ። ከዚያ የማጫወቻውን የእንጨት ጠርዝ ነክሰው ለወንድማቸው አሳዩአቸው፤ ጥርሳቸውን በጣታቸው አመለከቱ፣ ቀጥሎ ግንባራቸውን።

ጋሽ ገዳሙ ገባቸው። ጠርዙን አዩት። እኔም አየሁት። ሸክላው ታጥቧል እንጂ ማጫወቻው አልታጠበም። ቀለሙ በእጅ ቅባት ተልጧል፤ የጠጅ ነጠብጣብ ዝፍት ሆኖ ደርቆበታል፤ ዝንብ አስር ቦታ አርታበታለች። በመሃሉ የእትዬ ሥራነሽ ጥርስ ያረፈበት ቦታ እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል። ውሃ አምጡ፣ በረኪና አምጡ ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ገዳሙ ግን መሐረባቸውን አወጡ፤ ጠርዙ ላይ አነጠፉ፤ በመሐረቡ ላይ ነከሱ። ጥቂት ቆዩ። ቀና ብለው አልተሰማኝም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘፈኑ እየሄደ ነበር። ጋሽ ገዳሙ መሐረቡን አነሡት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱና እንጨቱን በጥርሳቸው ያዙ።

ትከሻቸው ዘለለ። ከዚያ መላ ሰውነታቸው ጸጥ አለ። እጆቻቸው በሁለቱም ጎን የማጫወቻውን ሣጥን አቀፉት።

«ሰማህ?» አሉ እትዬ ሥራነሽ። «አንተ ገዳሙ፣ ሰማሃት?»

አልሰሟቸውም። ዘፈኑ አለቀ፤ መርፌው በባዶው ቦይ ላይ ሽርር እያለ መዞር ጀመረ። ጋሽ ገዳሙ ጥርሳቸውን አላነሡም። ከከንፈራቸው ጥግ ምራቅ ወርዶ በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ፣ በቀሪው እድፍ ላይ መንገድ ከፍቶ ቁልቁል ሄደ። ማየት አስጠላኝ፤ ፊቴን ግን አላዞርኩም። በጨፈኑበት እጃቸውን አንሥተው በአየር ላይ ክብ ሠሩ፤ እንደገና ማለታቸው ነው። መርፌውን አንሥቼ ወደ መጀመሪያው ቦይ መለስኩት።